ደከመኝ ማለት ነውር ነው እንዴ?

በዚህ አምድ አዘውትረን የምናወጋው ስለ ፍቅር፣ ስለ ትዳርና ስለ ቤተሰብ ነው። ዛሬ ግን ትንሽ ራቅ አድርጌ ልወስዳችሁ ነው። የት መሰላችሁ? ደቡብ አሜሪካ፣ ፔሩ! ኢንካ የተባሉት ሕዝቦች በተራራ ላይ ጥለዋቸው ያለፉት ፍርስራሾች ድረስ። «ምን ነካት ይቺ ልጅ? አስጎብኚ ሆነች እንዴ?» እንዳትሉኝ። ነገሩ ዞሮ ዞሮ ወደ ቤታችን ይመለሳል። ቀኑን ሙሉ ፍርስራሽ ስጎበኝ ዋልኩና አመሻሹ ላይ ያገኘሁት ለስምንት ዓመት በልቤ ያኮረፍኩትን ወንድሜን ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ።

ታላቅ ወንድሜ አሜሪካ ከገባ አስራ ሁለት ዓመት አልፎታል። በዕድሜ በአስራ ሁለት ዓመት ስለሚበልጠኝ ከልጅነቴ ጀምሮ የምጠራው «ጋሽዬ» እያልኩ ነው። አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ እኔን ያሳደገኝ እሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አስራ ሁለተኛ ክፍልን እስክጨርስ ደብተሬም ጫማዬም ከእሱ ኪስ ነው የወጣው። ውጭ ከሄደ በኋላም በየወሩ ገንዘብ ይልካል። በስልክ «እንዴት ነህ?» ስንለው መልሱ አንድ ነው፤ «ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆን።»

በ2009 ዓ.ም. እናታችን አረፈች። ወንድሜ አልመጣም። ለቀብሩና ለተዝካሩ የሚሆን ገንዘብ ላከና «ሥራ አልለቅ አለኝ» አለ። በቃ፣ ይኸው ነው። ለቅሶ ቤት የመጣው ሰው ሁሉ «ትልቁ ልጇስ?» ሲል መልስ ሰጪዋ እኔ ነበርኩ። «ሥራ ይዞት ነው» እላለሁ፤ ሰውየው ወደ መሬት ያያል። ያቺን ወደ መሬት ማየት አልረሳኋትም። እናትን ከመቅበር የሚበልጥ ምን ሥራ አለ? እያልኩ ቂም ቋጠርኩ። በየወሩ ገንዘቡን እቀበላለሁ፣ አመሰግናለሁ፣ ስልኩን እዘጋለሁ።

እሱ ዘንድ ለመሄድ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ቪዛው አልሆነልኝም። እሱም ዜግነት ካገኘ በኋላ እንኳ «መቼ ትመጣለህ?» ስንለው «እስቲ እናያለን» ከማለት አላለፈም። በመጨረሻ አርባ ዓመት ሊሞላው ሲል ደወለና «ሚጣዬ፣ ሦስተኛ አገር እንገናኝ። ያ የቀን መቁጠሪያ ትዝ ይልሻል?» አለኝ።

ትዝ አይለኝም! ድሮ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ጊዜው ያለፈበት የቀን መቁጠሪያ ተለጥፎ ነበር። ሥዕሉ ማቹ ፒቹ ነው። ደመና የከበበው ተራራ፣ ጣሪያ የሌላቸው የድንጋይ ቤቶች። ጋሽዬ ትከሻው ላይ አውጥቶኝ «አንድ ቀን እዚህ እወስድሻለሁ» ይለኝ ነበር። እንዲህ ሆነና ባለፈው ሐምሌ፣ እናንተ ጃንጥላ ይዛችሁ ጭቃ ስትረግጡ፣ እኔ በሳኦ ፓውሎ በኩል ዞሬ ሊማ ገባሁ። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ አንድ ፀጉሩን ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ሰውዬ እጁን ሲያውለበልብልኝ መጀመሪያ አላወቅሁትም። ምን ልበላችሁ፣ አስራ ሁለት ዓመት ቀላል አይደለም።

«የአዲስ አበባ ልጅ አይደለሁም እንዴ?»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የኢንካዎች ዋና ከተማ የነበረችው ኩስኮ ገባን። ኩስኮ ከባሕር ጠለል በላይ 3400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው ያለችው። አዲስ አበባችን 2400 ገደማ ናት። ሊማ ግን የባሕር ዳርቻ ናት። እንግዲህ በአንድ ሰዓት ተኩል በረራ ከባሕር ዳር ተነስቶ ከእንጦጦ አናት የሚበልጥ ቦታ ላይ መውረድ ማለት ነው። እዚያ ከፍታ ላይ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳር ከሚያገኘው በአንድ ሦስተኛ ያህል ያንሳል።

የፔንሲዮኑ ባለቤት፣ ደግ ሴትዮ ናት፣ ገና ከመግባታችን የኮካ ቅጠል ሻይ አቀረበችልንና በምልክት «ዛሬ ተኙ፣ ነገም ቀስ በሉ» አለችን። ወንድሜ ግን ለማግስቱ ጠዋት የሙሉ ቀን ጉብኝት ከፍሎ ጨርሷል። «ባይሆን አንድ ቀን እንረፍ» ብለው ሳቀብኝ። «እኔ የአዲስ አበባ ልጅ አይደለሁም እንዴ? እንጦጦን በሩጫ የወጣሁ ሰውዬ!» አለ።

ረስቶታል እንጂ ልጅነቱን ነው የሚያወራው። ሰውነት ከፍታን የሚለምደውን ያህል ይረሳዋልም። አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ በማይል ከተማ የኖረ ሰው፣ ለሳንባው ከእንግዲህ የእንጦጦ ልጅ አይደለም። እኔ አዲስ አበባ ስለምኖር፣ ሙሉ ዋስትና ባይሆንም፣ ትንሽ ትንፋሽ ከማጠሩ በቀር ምንም አልሆንኩም። እሱ ግን ሌሊቱን ሲገላበጥ ሰማሁት። ጠዋት ዓይኑ ቀልቷል።

«ምነው ጋሽዬ፣ አልተኛህም እንዴ?»

«ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆን።»

ፒሳክ፡ የሙታን ገደል

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሚኒባሱ ወሰደን። አስራ አራት ነን፤ ፈረንሳዮች፣ ብራዚላውያን፣ ሁለት ኮሪያውያን ተማሪዎችና እኛ ሁለት ሐበሾች። አስጎብኚያችን ኬችዋ የሚናገር የዚያው አገር ሰው ነው። ኬችዋ የኢንካዎቹ ቋንቋ ነው፤ ዛሬም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ይናገሩታል።

ከከተማዋ እንደወጣን ሳክሳይዋማንን አለፍን። ከኩስኮ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ እየተጣመመ የተሠራ ግዙፍ ግንብ ነው። ከድንጋዮቹ ትልልቆቹ ከመቶ ቶን በላይ ይመዝናሉ ይባላል። ይህን ሁሉ የሠሩት ሰዎች ብረት አልነበራቸውም፤ ድንጋዩን የጠረቡት ይበልጥ በጠነከረ ሌላ ድንጋይ እየቀጠቀጡ ነው። የጽሕፈት ፊደልም አልነበራቸውም፤ ሒሳባቸውን የሚይዙት ኪፑ በሚባል በተቋጠረ ገመድ ነበር። ሠረገላ የለ፣ ፈረስ የለ። ያላቸው የጭነት እንስሳ ላማ ብቻ ነው፤ ላማ ደግሞ ከአህያ ያነሰ ሸክም የሚችል እንስሳ ነው። እንዲህም ሆኖ ከዛሬዋ ኮሎምቢያ እስከ ቺሊና አርጀንቲና በሺህ ኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር መንገድ ዘርግተዋል። አይገርምም?

ፒሳክ ስንደርስ ተራራው ከላይ እስከ ታች በእርከን ተሸንሽኗል። የኮንሶን እርከን በፎቶ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ይኼኛው ግን እያንዳንዱ ግድግዳ በወግ የተካበ ሆኖ የተራራውን ወገብ ተከትሎ ይዞራል። አስጎብኚው እንዳስረዳን እርከኑ አፈር መያዣ ብቻ አይደለም። ከሥሩ ትልልቅ ድንጋይ፣ ከዚያ ጠጠር፣ ከዚያ አሸዋ፣ ከላይ ለም አፈር ይደረግበታል። ዝናብ ሲመጣ ውሃው ይወርዳል እንጂ ግድግዳውን አይገፋም። ድንጋዩ ደግሞ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት መልሶ ለአዝርዕቱ ይሰጣል።

ከእርከኖቹ ፊት ለፊት አንድ ገደል አለ። ገደሉ በጉድጓድ ተበሳስቷል። መቃብር ነው። ብዙዎቹ በዘራፊዎች ተከፍተው ባዶ ቀርተዋል። አስጎብኚው ቀጠለና ኢንካዎቹ ሙታንን ጨርሶ እንደተለየ ሰው አያዩም ነበር አለ። የሞቱ ንጉሦቻቸውን አስከሬን አድርቀው ያስቀምጣሉ፣ በዓል ሲመጣ ልብስ አልብሰው ወደ አደባባይ ያወጣሉ፣ ምግብና መጠጥ ያቀርቡለታል። ፈረንሳዮቹ ፎቶ ያነሳሉ። እኔ ዞር ስል ወንድሜ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«አመመህ እንዴ?»

«ኧረ ፀሐዩ ነው። ሂጂ፣ ሂጂ፣ እደርስብሻለሁ።»

እውነቱን ልንገራችሁ? ተናደድኩ። ያን ያህል መንገድ መጥቼ የእሱን ዝምታ ልጠብቅ ነው? ስለ ሙታን ሲወራ ዝም ያለው ለምን እንደሆነም በውስጤ ፈረድኩበት። «አሁን ገና ትዝ አለችህ?» ነው ያልኩት፤ በአፌ ሳይሆን በልቤ።

የድንች አገር

ምሳ የበላነው ኡሩባምባ በምትባል ከተማ ነው። ሸለቆው ውስጥ ስለሆነች ከኩስኮ በብዙ ዝቅ ትላለች። ገበታው ላይ ድንች ብቻ ስንት ዓይነት መሰላችሁ? ቢጫ፣ ቀይ፣ ሐምራዊ፣ እንደ ጣት የቀጠነ፣ እንደ ጥቁር ጠጠር የደረቀ። የመጨረሻው ቹኞ ይባላል። በሌሊት ውርጭ አስመትተው፣ በእግር ረግጠው ውሃውን አውጥተው፣ በቀን ፀሐይ ያደርቁታል። ለዓመታት አይበላሽም። ኢንካዎቹ ጎተራቸውን የሚሞሉት በእሱና በበቆሎ ነበር፤ ረሃብ ሲመጣ ሕዝቡ ከዚያ ይበላል፣ ሠራዊቱም ከዚያ ይቀለባል።

ድንች የትውልድ አገሩ ይኸው የአንዲስ ተራራ ነው። የፔሩና የአካባቢው ገበሬዎች ከ4 ሺህ የሚበልጡ ዓይነቶች አሏቸው። እኛ አገር የገባው እ.ኤ.አ. በ1858 ሺምፐር በሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ አማካይነት ነው። በጾም ቀን ያለ ድንች ወጥ የማይሆንልን ሰዎች፣ ባለውለታችን የኢንካ ገበሬ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? ይህን ለወንድሜ ልነግረው ዞር ብል ሳህኑ እንዳለ ነው። አንድ ጉርሻ አልነካም። ውሃውን ብቻ ያንቆረቁራል። እሱ እኮ በድሮው ጊዜ የኔን ተርፎ የተወ ሰው አይደለም!

«ጋሽዬ፣ እውነቱን ንገረኝ።»

«አይ አንቺ ልጅ! ደህና ነኝ አልኩሽ!»

ጮክ አለ። ኮሪያውያኑ ዞር ብለው አዩን። እኔም አኮረፍኩ።

የደከሙት ድንጋዮች

ኦያንታይታምቦ ስንደርስ ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ይህች ከተማ ከሌሎቹ የምትለየው ሰው ዛሬም ኢንካዎቹ ባወጡት መንገድ እየሄደ፣ ኢንካዎቹ የቀደዱት ቦይ በደጁ እየፈሰሰ የሚኖርባት መሆኗ ነው። ከበላይዋ ምሽጉ ተደርድሯል። እ.ኤ.አ. በ1537 ማንኮ ኢንካ የተባለው ንጉሥ ስፔኖችን እዚህ ገጥሞ፣ በእርከኖቹ ላይ ሆኖ ድንጋይና ቀስት አወረደባቸው፤ ሜዳውን ደግሞ በወንዝ ውሃ አጥለቀለቀውና ፈረሶቻቸው መንቀሳቀስ አቃታቸው። ስፔኖች ተመለሱ። ኢንካዎች ስፔንን ካሸነፉባቸው ጥቂት ውጊያዎች አንዱ ይህ ነው። በኋላ ግን ማንኮ ወደ ቪልካባምባ ጫካ ማፈግፈጉ አልቀረም።

ወደ ላይ የሚያወጣው ደረጃ ሁለት መቶ ገደማ ነው ተባልን። ወንድሜ ሃምሳ እንኳ ሳይሞላ ተቀመጠ። «ሂጂ፣ እንዳያመልጥሽ» አለኝ። እኔም፣ አይዞኝ አትበሉኝ፣ ጥዬው ሄድኩ። በኩርፊያ ነው የወጣሁት። ደረጃውን በንዴት እየረገጥኩ ከሁሉ ቀድሜ ደረስኩ።

አናቱ ላይ ስድስት ግዙፍ ድንጋዮች ጎን ለጎን ቆመዋል። የፀሐይ ቤተ መቅደስ ይሉታል። ቀላ ያሉ ናቸው፣ ቁመታቸው ከሰው እጥፍ ይበልጣል። በመካከላቸው ቀጫጭን ድንጋይ ገብቷል፤ ምላጭ አያስገባም። የሚገርመው ግን የመጡበት ቦታ ነው። ካባው ከወንዙ ማዶ፣ ሌላ ተራራ ላይ ነው። አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከዚያኛው ተራራ አውርደው፣ ወንዝ አሻግረው፣ ይህን ተራራ አውጥተው ነው ያቆሟቸው። ዣን ፒየር ፕሮትዘን የሚባል የሥነ ሕንፃ ሊቅ ይህን ቦታ ለዓመታት አጥንቶ፣ ራሱ በድንጋይ ድንጋይ እየጠረበ ሞክሮ፣ ሥራው በሰው ጉልበትና በትዕግሥት የሚቻል መሆኑን አሳይቷል።

ቤተ መቅደሱ ግን አላለቀም። አስጎብኚው ወደ ሸለቆው አመለከተን። ከካባው እስከዚህ ባለው መንገድ ላይ እዚህም እዚያም ትልልቅ የተጠረቡ ድንጋዮች ወድቀዋል። ከታች ምሽጉ ግርጌም አሉ። ሥራው ሲቋረጥ በነበሩበት ቀሩ። «እኛ የደከሙ ድንጋዮች እንላቸዋለን» አለ። አንዱ ብራዚላዊ «የተጣሉ ማለትህ ነው?» ቢለው ራሱን ነቀነቀ። «አልተጣሉም። ደከማቸው። መንገድ ላይ አረፉ።»

ቁልቁል አየሁ። ጋሽዬ ደረጃው ላይ የለም። ዓይኔን ባንከራትት ከታች ካሉት ከነዚያ ከወደቁት ድንጋዮች አንዱን ተደግፎ ራሱን በሁለት እጁ ይዟል። ከላይ ሲታይ እንዴት ያንሳል መሰላችሁ! ትከሻው ላይ ያወጣኝ የነበረ ሰው።

እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም።

ስደርስ አስመልሶታል። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ጀርባውን ይዤ ውሃ ሰጠሁት። «ራሴን ሊፈነክተኝ ነው ሚጣዬ» አለ። «ከትናንት ማታ ጀምሮ ነው። አልቻልኩም።» አልቻልኩም ሲል ስሰማው ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

«ታዲያ ለምን አትነግረኝም?»

ቆየ። ከዚያ ስለ ራስ ምታቱ የጠየቅሁት ሰው ስለ ሌላ ነገር መለሰልኝ።

«እማማ ስትሞት ወረቀት አልነበረኝም» አለኝ። «ጥገኝነቱን ጠይቄ ገና መልስ አልመጣም። ከወጣሁ መመለስ የለም። ግን ለእማማ ከሞተችበት ጊዜ ሁለት ዓመት ቀደም ብዬ ወረቀቴ ወጣ ብያት ነበር። ታማ ነበር፣ ደስ እንዲላት ብዬ ነው። ሰፈሩን ጠርታ ቡና አፍልታ እልል አሰኝታለች አይደል? አንቺም ፈንዲሻ ስትበትኚ ነበር። ከዚያ በኋላ አልወጣልኝም ብዬ እንዴት ልናገር? ሥራ አልለቅ አለኝ ማለት ቀለለኝ። ገንዘቡንም ተበድሬ ነው የላክሁት።»

ያን ቡና አስታውሳለሁ። ፈንዲሻውንም። ያን ቀን እናቴ የለበሰችውን ነጠላ ጥለት እንኳ አስታውሳለሁ።

«አሁንስ? ወረቀቱ ከወጣ በኋላ ለምን አልመጣህም?»

«እሷ የሌለችበት ሳሎን መግባት ፈራሁ» አለ።

ስምንት ዓመት ሙሉ ያኮረፍኩት ሰው እናቱን ያልቀበረው ስላልፈለገ ሳይሆን ስላልቻለ ነው። አልቻልኩም ማለት ስላቃተው ደግሞ ቂሜን ዝም ብሎ ተሸከመ። እኔስ ብሆን በስምንት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን «ለምን አልመጣህም?» ብዬ ጠየቅሁ? አልጠየቅሁም። እሱ ደህና ነኝ አለ፣ እኔ አመሰግናለሁ አልኩ፣ ስልኩ ተዘጋ። ሁለታችንም እዚያ ድንጋይ ሥር ተያይዘን አለቀስን። አላፊ አግዳሚው ቱሪስት ምን እንዳሰበ እንጃ።

ጉብኝቱን አቋረጥነው

አስጎብኚው ሲወርድ አየንና ሁኔታውን ነገርኩት። የሚቀረን ቺንቼሮ ነበር። ቺንቼሮ ኦያንታይታምቦን በአንድ ሺህ ሜትር ገደማ ትበልጣለች፤ ከኩስኮም ትበልጣለች። አስጎብኚው ነገሩን በአንድ አረፍተ ነገር ጨረሰው፤ «የታመመ ሰው ወደ ላይ አይወጣም።» እዚያው ዝቅ ያለው ቦታ እንድናድር መከረን።

ሻንጣችን ኩስኮ ነው። የቺንቼሮም ሆነ የኩስኮው አልጋ ገንዘብ ተከፍሎበታል። ጋሽዬ «ብሩ እኮ...» ብሎ ሊጀምር ሲል አየሁት፤ እሱም አየኝና ራሱ ሳቀ። «እሺ። ደክሞኛል» አለ። ሚኒባሱ ያለ እኛ ሄደ።

የከተማዋን ጤና ጣቢያ አሳየነው፤ መርምረውት ዕረፍት፣ ውሃና የራስ ምታት ክኒን አዘዙለት፤ ከባሰበት ሌሊትም ቢሆን ተመለሱ አሉን። በማግስቱ ጠዋት ቁርሱን ጥርግ አድርጎ ሲበላ ሳየው እንደ እናት ደስ አለኝ። ሁለት ቀን እዚያው ቆይተን፣ ባቡሩም ከዚያችው ከተማ ስለሚነሳ፣ ማቹ ፒቹን አየናት። ማቹ ፒቹ 2430 ሜትር ላይ ናት፤ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ናት ማለት ይቻላል። ጋሽዬ እዚያ ሲደርስ ምን አለ? «ሰፈራችን ገባሁ!»

እንግዲህ ምክሬ

ወደ ፔሩ የምትሄዱ ጥቂቶች ልትሆኑ ትችላላችሁ። ምክሩ ግን ለሁላችሁም ነው። የሰሜን ተራራን ለመውጣት የምታስቡ፣ የባሌን ሳነቴ ለማየት የምትነሱ፣ ቦታዎቹ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ መሆናቸውን እወቁ። ራስ ዳሸንማ ከ4500 ይበልጣል። ደግሞም ከዲሲ፣ ከዱባይ፣ ከቴል አቪቭ ዘመድ ሲመጣላችሁ በደረሰ ማግስት እንጦጦ ላይ አታስሩጡት!

አንደኛ፣ ከፍታ ቦታ ስትደርሱ የመጀመሪያውን አንድ ሁለት ቀን አትሩጡ። ውሃ ጠጡ፣ መጠጥ ተዉ፣ ቀለል ያለ ብሉ። ኩስኮ የምትገቡ ከሆነ የመጀመሪያውን ሌሊት ዝቅ ባለው ሸለቆ፣ በኡሩባምባ ወይም በኦያንታይታምቦ ማሳለፍ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ምግብ ማስጠላትና እንቅልፍ ማጣት ከታየ ከፍታው ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ወጣትነትና ጉልበት አያድንም፤ ስፖርተኛም ይወድቃል። ምልክቱ እያለ ወደ ላይ መውጣት የለም። ሰውየው እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ፣ ከቀባጠረ፣ ወይም ተቀምጦ እንኳ ትንፋሽ ካጠረው ግን ነገ ጠዋት አይባልም፤ በዚያችው ሰዓት ወደ ዝቅተኛ ቦታ ማውረድና ሐኪም ዘንድ ማድረስ ነው። ለመከላከያ የሚሆን መድኃኒት አለ፤ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ የኮካ ሻይ እዚያ አገር እንደ እኛ ቡና የእንግዳ መቀበያ ነው፤ ቅጠሉንም እንደ ጫት ያላምጡታል፣ ሕጋዊ ነው። ፈውስ ነው ብላችሁ ግን አትተማመኑበት። በሻንጣችሁ ይዛችሁ ደግሞ እንዳትወጡ! በብዙ አገር የተከለከለ ስለሆነ መዘዝ ያመጣል።

አራተኛው ከሁሉም የከበደው ነው። ውጭ ያለ ዘመዳችሁ «ደህና ነኝ» ሲላችሁ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቃችሁ አትዝጉ። እናንተም ውጭ ያላችሁ ይህን ጋዜጣ በሰው በኩል የምታገኙ ካላችሁ፣ ያልወጣ ወረቀት፣ የጠፋ ሥራ፣ ያመመ ገላ ነውር አይደለም። እኛ የምንጠብቀው ብሩን ብቻ የሚመስላችሁ እኛው ስላልጠየቅናችሁ ይሆናል።

ጋሽዬ የመስከረም ቲኬት ቆርጧል። ሳሎኑን ቀለም ልናስቀባ ነበር፤ «ተዉት፣ እሷ እንዳየችው ልየው» አለን። እንዳለ ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያ ስንመለስ እንጦጦ ሳይሆን በቀጥታ እናታችን መቃብር ነው የምንሄደው። ቀስ ብለን፣ እየተነፈስን።

ሳምንት በሌላ ጨዋታ እንገናኝ። ደህና ሰንብቱ!